ከጋራው ራስ ጀምሩ

ጅዳ ምን ወሰደሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ «ቦረቦር» ብዬ እመልሳለሁ። የከተማ ልጆች ይስቃሉ። የገጠር ሰው ግን አይስቅም፤ «ምን ያህል መሬት በላባችሁ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

ማሳችን ወሎ ውስጥ ከአንድ ጋራ ሥር ነበር። ጤፍም ቢዘራበት ማሽላም ቢዘራበት የማያሳፍር ጥቁር አፈር ነው። ከበላያችን ያለው ተዳፋት የጎረቤታችን ነው። ልጅ ሳለሁ ተዳፋቱ ሣርና ቁጥቋጦ ነበር፤ የመንደሩ ከብት የሚግጠው እዚያ ነው። ኋላ ጎረቤታችን ቤተሰባቸው በዛ፣ መሬቱ አነሳቸውና ሣሩን ገልብጠው እስከ ጋራው ወገብ ድረስ አረሱት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃው ዘሩን ጠርጎ እንዳይወስድባቸው ፈሰስ አወጡ። ፈሰስ የተረፈውን ውኃ ከማሳ የሚያስወጣ ቦይ ነው፤ ማንም ገበሬ በማረሻው ያወጣል። የእሳቸው ፈሰስ አፉ የተከፈተው ግን በእኛ ማሳ ራስ ላይ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ውኃው የቀደደብንን ቦይ ሕፃን ልጅ ይሻገረው ነበር። ቀጥሎ ዘለን የምንሻገረው ሆነ። ከዚያም በአንዱ በኩል ወርደን በሌላው በኩል ሥር እየያዝን የምንወጣው ገደል፣ ቦረቦር፣ ሆኖ ማሳችንን ለሁለት ከፈለው። አንዱ በሬያችን እዚያ ገብቶ እግሩ ተሰበረና እዚያው ታረደ። አባቴ በየበጋው ከታች፣ ከጓሯችን አጠገብ፣ ድንጋይና እሾህ እየከመሩ አፉን ይደፍኑት ነበር። በየክረምቱ ጎርፉ ድንጋዩንም እሾሁንም ይዞት ይሄዳል። የተሸረሸረው አፈር ወርዶ የምንቀዳበት ምንጭ ላይ ይተኛል። የምንጩ ዓይን በደለል ተደፈነ፤ ከታች ያሉት ሰዎች በጅረቱ የሚያጠጡበት ቦይም ሞላ። እናቴ ውኃ ለመቅዳት ማዶ ድረስ መሄድ ጀመረች።

«ፈሰስህን አዙር» አሉ አባቴ።

«ዝናቡ የአላህ ነው፤ ወዴት ላዙረው?» አሉ ጎረቤታችን።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። አልሆነም። ሁለቱ ቤቶች ለቅሶ እንኳ መደራረስ አቆሙ። የጎረቤታችን ሴት ልጅና እኔ እኩያሞች ነን፤ ቁርአን የቀራነው አንድ ሸህ ዘንድ፣ አንድ ቁርበት ላይ ተቀምጠን ነው። ከጠቡ በኋላ ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታችንን ማዞር ለመድን። ከማሳችን የሚገባው እህል እስከ መጋቢት እንኳ አላደርስ ሲለን፣ ጊዜው የመንደሩ ሴት ሁሉ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድበት ነበርና እኔም ፓስፖርት አወጣሁ።

የገባሁበት ቤት ጅዳ ነው። ከፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ፣ ማዳም፣ ቁጡ ብትሆንም ከሚበላው አትከለክልም፣ ከእንቅልፍም አትቀሰቅስም፤ ከሌሎቹ ሴቶች ወሬ ጋር ሳስተያየው ደህና ቤት ነበር ብዬ በልበ ሙሉነት እናገራለሁ።

ጅዳ ዝናብ ብርቅ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ያየሁ ቀን ማዳም ልጆቹን ይዛ እየሳቀች ጣሪያው ላይ ወጣች። እኔ መስኮት ስዘጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ካሉት ሸለቆዎች ጎርፍ ወርዶ መንገዱን ሞላው፤ ቀለሙ ቁርጥ የእኛ ቦረቦር ውኃ ነው። መኪኖች ተንሳፈፉ። እኛ ቤት ግቢው ብቻ ተጥለቀለቀ እንጂ ማንም አልተጎዳም፤ አልሃምዱሊላህ።

በማግስቱ ግቢውን በአካፋ ስጠርግ ጭቃው ድንጋይ የሌለበት፣ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ሆኖ አገኘሁት። ውስጡ የሣር ሥር አለበት። እጄ ላይ አድርጌ ሳሸው የከፊሌ እናት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ኖሯል። የሚኖሩት መካ ነው፤ ለጥየቃ መጥተው ነበር። ቤተሰቡም እኔም «ማማ ከቢራ» እንላቸዋለን፤ ታላቋ እናት እንደ ማለት ነው።

«አምጪው እስቲ» አሉኝ።

እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው። አሸተቱት።

ማዳም ከውስጥ ወጥታ «ኸላስ፣ ቆሻሻውን ጣዪውና ግቢው ይታጠብ!» አለች።

«ቆሻሻ አይደለም» አሉ ማማ ከቢራ። «የሰው እርሻ ነው። ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንቺ የገበሬ ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

«እኔም ነኝ» አሉ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ማማ ከቢራ መካ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጃቸው ጅዳ እንዲኖሩ ለመናቸው፤ ከሐረም፣ ከታላቁ መስጊድ፣ አልርቅም አሉ። የምታስታምማቸው ሴት ሲፈለግ «ያችን አፈር የምታሸውን ስጡኝ» ብለው እኔን ጠየቁ። ማዳም አጉረመረመች፤ ከፊሌ ግን የእናቱን ቃል አልገፋም። ዕቃዬን በአንድ ሻንጣ ይዤ መካ ገባሁ።

ቤታቸው ዑተይቢያ ነው። ሰፈሩ የተጠጋጋ፣ ሱቁና ስደተኛው የበዛ፣ ደረጃው የማያልቅ ነው። ከመስኮቱ የሚታየው ራቁቱን የቆመ ጥቁር ጋራ ነው። እሳቸው አልጋቸውን ወደ ጋራው አዙሬ እንድዘረጋላቸው ጠየቁኝ። እግራቸውን እያሸሁላቸው አገራቸውን ያወሩልኛል። ከጣኢፍ አልፎ በስተደቡብ ካለው ተራራ የመጡ ናቸው። ዓረብ አገር ሁሉ አሸዋ ይመስለኝ ስለነበር፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት፣ ጉም የሚወርድበት ደጋ አለ ማለታቸው ተረት ነበር የመሰለኝ።

«ጋራውን ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን ሠርተውት ነበር፣ አባቶቻችን» አሉኝ። «እኔ ልጅ ሳለሁ ሥራዬ ከክረምት በፊት የወደቀ ድንጋይ መመለስ ነበር። ኋላ ወንዶቹ ደመወዝ ፍለጋ ከተማ ወረዱ። ባሌም ወረደ። እኛም ተከተልን። ድንጋዩን የሚመልስ ጠፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ላይኛው እርከን ተናደ። ላይኛው ሲናድ ሁለተኛውን ይዞት ወረደ፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን። አፈሩ ሸለቆ ገባ፣ የጉድጓዱን ውኃ ደፈነው። አሁን ድንጋዩ ብቻ ነው የቀረው።»

እኔም የእኛን ነገርኳቸው፤ ፈሰሱን፣ በሬውን፣ ምንጩን፣ አባቴ በየበጋው ከታች የሚክቡትን ድንጋይ። ማማ ከቢራ እጃቸውን አውጥተው እግራቸውን ማሸቴን አስቆሙኝ።

«አባትሽ ከታች ነው የሚደፍኑት?»

«ለቤታችን የሚቀርበው እሱ ነዋ።»

«ውኃ ጉልበት ካገኘ በኋላ በድንጋይ አይቆምም። ከጋራው ራስ ነው የሚጀመረው። እዚያ ገና ቀጭን ሳለ በየቦታው ታስቀምጪዋለሽ።»

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ይህን መስማት የነበረብኝ አገሬ ላይ ነበር። የልማት ሠራተኞችም ስብሰባ ላይ ሲሉት ሰምቻለሁ መሰለኝ፤ ነገር ግን የጋራው ራስ የጎረቤታችን ነዋ፣ ማን ወጥቶ ይነካዋል? ስለዚህ ጆሯችን ሳይገባ አለፈ።

እግራቸው ሲሻላቸው ልጃቸውን «አገሬን አሳየኝ» አሉት። አንድ ቀን በማለዳ በመኪና ወሰደን። መንገዱ ከመካ ሜዳ ተነሥቶ በተራራው ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጠርዙ ላይ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ከመንገደኛ ሙዝ ይለምናሉ። ከጣኢፍ በላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

መንደሩ ባዶ ነው። ጋራው ላይ የእርከኑ መስመር ይታያል፤ ግን አንዱ ሆዱ ተነፍቷል፣ አንዱ ተዘርግፏል፣ ካንዱ ጀርባ አፈር የሚባል የለም፤ ነጩ አለት ብቻ ነው። የአንድ ዘመዳቸው እርከን ብቻ በጎን በኩል ሙሉውን ቆሞ ገብስ አብቅሏል። ሰውየው ከተማ ቢኖርም በየዓመቱ ሠራተኛ ቀጥሮ ያስጠግነዋል አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ካብ ውፍረት ነው፤ እዚህ እህል፣ እዚያ ድንጋይ።

ማማ ከቢራ ምርኩዛቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ እኔን ተደግፈው ከካቡ አጠገብ ተቀመጡ። «እዪ» አሉኝ። «ካቡ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ጋራው ትንሽ ይጋደማል። ከጀርባው ጠጠር ይሞላል፣ ውኃው አፈሩን ትቶ እንዲያልፍ። ሸለቆ ውስጥ ስትክቢ ደግሞ መሐሉን ከዳርና ከዳሩ ዝቅ አድርጊው። ውኃው በመሐል ካላለፈ ዳሩን ፈልፍሎ ይወጣል።» ከዚያ የወደቀ ድንጋይ አንሥተው ቦታው ላይ አስቀመጡ። ልጃቸው ፎቶ አነሣቸው። እሳቸው አላዩትም፤ ሌላ ድንጋይ እየፈለጉ ነበር።

ስንመለስ ቤት ደወልኩ። የሚላከው ገንዘብ ኮምቦልቻ ቤት ሊሠራበት ታስቦ ነበር፤ ነገሩን የያዘው ወንድሜ ነው።

«ቤቱ ይቆይ» አልኩት። «ቦረቦሩ ነው የሚሠራው።»

«አብደሻል? ሰው ከዓረብ አገር ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ አንቺ ገደል ውስጥ ድንጋይ ልትቀብሪ ነው?»

«አባዬን አቅርብልኝ።»

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ «ነገርሽ ደህና ነው፤ ጋራው ግን የሰውየው ነው» አሉ። እውነት ነበር። መላው ያለው ከጎረቤታችን ዘንድ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ መካ መሆኗን ሰምቼ ነበር። ከከፊሏ ቤት ወጥታ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ ሐጃጆች የሚያርፉበት ቤት ታጸዳለች ይሏታል። ጁምዓ ቀን ማማ ከቢራን በተሽከርካሪ ወንበር ሐረም አድርሼ፣ እህታቸው አብረዋቸው ሲቀመጡ፣ እኔ ወደ ሚስፈላ ወረድኩ። አንሶላ ተሸክማ ከአንድ ሕንፃ ስትወጣ አየኋት። እሷም አየችኝና ፊቷን አዞረች።

«አሁን እዚህም ልንዟዟር ነው?» አልኳት።

ቆመች። «ምን ፈለግሽ?»

«የአባትሽ ማሳ እንዴት ነው?»

አንሶላውን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። «ድንጋይ ነው የሚያርሱት» አለች። «አፈሩ ተጠርጎ አለቀ። ማረሻው አለት እየመታ ይሰበራል። እኔ ለምን የመጣሁ መሰለሽ?»

እኔ እኮ ያን ሁሉ ዓመት እነሱ ከላይ ሆነው የሚጠግቡ ይመስለኝ ነበር። ውኃው ከእነሱም ወስዶ በእኛ በኩል ነው ያለፈው። ደረጃው ላይ አብረን ተቀመጥን፤ ማማ ከቢራ ያሳዩኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። ተዳፋቱ እርከን ይሠራበት፣ የላይኛው ጫፍ ወደ ሣር ይመለስ፣ ከብት አይግባበት፣ ፈሰሱ ወደ አለቱ ይዙር፤ ቦረቦሩም ከራሱ ጀምሮ በድንጋይ ካብ እየተከተረ ይውረድ።

«ጫፉን ከተዉት አባቴ ምን ይበላሉ?»

«እስካሁን ማን አበላቸው? አንቺ አይደለሽም?»

ሳቀች። ልጅ ሆነን ሸሁ ሲያንቀላፉ እንደምትስቀው ነው የሳቀችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች። አባቷ ሲያነሡ እንዲህ አለቻቸው፤

«አባዬ፣ ከእንግዲህ የምሰደው ለእርከን ነው። ለሌላ ነገር አልሰድም።»

የሳቸው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። «ሴት ልጅ መካ ቁጭ ብላ እርሻ ታስተምረኛለች?»

«መካ ቁጭ ብዬ ብር ስሰድ ግን ከፍቶዎት አያውቅም።»

«ከነዚያ ሰዎች ጋር ታርቄ?»

«ልጃቸው አጠገቤ ናት። እኛ ታርቀናል። አንቱ ቀሩ።»

«እስቲ አስብበታለሁ» አሉ። እኔም በበኩሌ አባቴን ያዝኩ። «እሱ ይምጣ» አሉኝ። «አንቱ ይሂዱ፤ ያለዚያ ግን እኔም አልሰድም» አልኩ። አባቴን እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። ግን ትክክል እንደሆንኩ አውቅ ነበር፣ ዛሬም አውቃለሁ።

በስተመጨረሻ ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ መስጊዱ ደጅ ላይ ተገናኙ። እናቴ እንደነገረችኝ ሁለቱም ቀድሞ መናገርን ፈርተው ሲቆሙ፣ ጎረቤታችን «ልጆቻችን አስተዳደሩን እንግዲህ» አሉ፤ አባቴም «መርሀባ፣ ይሁን» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌም አላስፈለገ።

በዚያው በጋ ሥራው ተጀመረ። መንደሩ በደቦ ወጣ፤ እኔና እሷ የሰደድነው ለመሣሪያውና ለምሳው ሆነ፣ ድንጋዩን ከሩቅ ለሚያመላልሱትም ተከፈለ። ወንድሜ እያጉረመረመም ቢሆን የካቡን ሥራ ያዘ፤ እኔ በስልክ የማማ ከቢራን ቃል እያስተላለፍኩ፣ እሱ እየጮኸ «ገባኝ፣ ገባኝ» ይለኛል። አንዱ ክትር ላይ ግን መሐሉን ዝቅ ማድረግ አልታየውም። ክረምት ሲገባ ያኛው በዳሩ ተፈልፍሎ ሄደ። ሌሎቹ ቆሙ። ወንድሜ ራሱ ደውሎ «ያቺ አሮጊት ልክ ናቸው» አለኝ፤ በማግስቱም ብቻውን ወጥቶ እንደገና መካብ ጀመረ።

ማማ ከቢራ የእኛ አገር ክረምት ስንት ወር እንደሆነ ለምደውታል። ዝናቡ ሲበረታ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ «ካቡ ቆመ?» ቆመ ስላቸው ልጆቻቸው አንድ ነገር እንደተሳካላቸው ሁሉ ለቤቱ ሰው በስልክ ያወሩታል። ሌላ ዓመት ከክትሮቹ ጀርባ አፈር እንደተኛና ሣር እንደበቀለበት እናቴ ነገረችኝ። ይህን ስነግራቸው ታመው ነበር። «የእኛም ይመለስ ነበር» አሉ፣ ወደ ጋራው እያዩ። ከዚያ ብዙ አልቆዩም። የጀናዛው ስግደት ሐረም ተሰገደባቸው፤ እኔ ገላቸውን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ልጃቸው ካለቀሰበት ቀን ይልቅ ያንን የተራራ ፎቶ ሰጥቶኝ «አንቺ ያዢው» ያለኝ ቀን ነው የከበደኝ።

እሳቸው ከሞቱ በኋላ ጅዳ ተመልሼ ትንሽ ሠራሁና በራሴ ፈቃድ፣ በራሴ ቲኬት አገሬ ገባሁ። የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ቀረች፤ አግብታ ጅዳ ትኖራለች። ሁልጊዜ እንደዋወላለን።

የሄደው አፈር አልተመለሰም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ማሳችን አሁንም ለሁለት ተከፍሏል፤ የመሐሉ ጥቁር አፈር የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። ቦረቦሩ ግን መብላቱን አቆመ። ዳርና ዳሩ ተዳፍኖ ሣር ለብሷል፤ ወለሉ ላይ ሸንኮራ አገዳና ጌሾ ተተክሏል። ምንጩን ቆፍረን ደለሉን አወጣን፤ ዓይኑ እንደገና ውኃ ሰጠ፣ እንደ ዱሮው ባይሆንም እናቴ ማዶ መሄዷን ተወች። የታችኞቹ ሰዎችም ቦያቸውን ጠርገው ማጠጣት ጀምረዋል። ተዳፋቱ ላይ ጎረቤታችን ከእርከኑ ባቄላና ገብስ ያገኛሉ፤ ከዱሮው የበለጠ ነው ይላሉ፣ በግድ ሲጠየቁ።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጠዋት ከቦረቦሩ በኩል ጭቅጭቅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ አባቴና ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁለቱም ማጭድ ይዘዋል።

«ሣሩ ከእኔ አፈር ነው የበቀለው፤ አፈሩ ከላይ ነው የመጣው» ይላሉ ጎረቤታችን።

«የተኛው በእኔ ቦታ ነው» ይላሉ አባቴ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ፍርድ ጠበቁ። ከብቶቹ የሁለቱም ደጅ ላይ ታስረው ይጮኻሉ።

«ግማሽ ለግማሽ» አልኩ። «እኔም አጭዳለሁ። ማጭድ አምጡልኝ።»

ጎረቤታችን የራሳቸውን ሰጡኝና ጥላ ሥር ተቀመጡ። አባቴም አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ከላይኛው ክትር ጀምሬ አጨድኩ።